ስልኬ ጮኸ፣ ማዕበሉ ግን አልመጣም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2024 ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ይዞ ጮኸ። ርዕደ መሬቱ 7.0 ነው ተባለ፤ በውኃው ሥር የሚያልፈው የባቡር መስመር ሳይቀር ቆመ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ማስጠንቀቂያው ተነሣ፤ ምንም አልመጣም። በኋላ ሳነብ በ2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፓሉ በምትባል ከተማ 7.5 የሆነ ርዕደ መሬት ሰው የፈጀ ሱናሚ አምጥቷል። በ2012 ግን እዚያው ሱማትራ አጠገብ 8.6 ደርሶ ሱናሚው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቁጥሩና ማዕበሉ ካልተገናኙ ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ባለሙያዎች 'ወደ ጎን ስለተንሸራተተ ነው' ይላሉ። ፓሉስ ወደ ጎን አልነበረም እንዴ?»

ምላሽ፦

ዋናው ነገር የተቀመጠው የጥያቄዎ ጅራት ላይ ስለሆነ ከእርሱ ልነሣ። አዎ፣ ፓሉም ወደ ጎን የተንሸራተተ ነው። «ጎንዮሽ ከሆነ ሱናሚ የለም» የሚለውን እኛው ባለሙያዎቹ ነን ለጋዜጠኛ በአጭሩ ስንመልስ የምንናገረው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ እውነት ሳይሆን ሲቀር ግን ሰው ይሞታል። ለምን እንደማይሠራ ለማየት መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ያለንን ግምት ማስተካከል ይኖርብናል።

ቁጥሩን በልማድ «ሬክተር» እንለዋለን። የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ሲናወጥ በሰነበተበት ሰሞንም በየዜናው የሰማነው ይህንኑ ነው። ዛሬ ለትልልቅ ርዕደ መሬቶች የምንጠቀምበት ሞመንት ማግኒቲዩድ የሚባለው ሲሆን የሚወጣው ከሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ የተሰነጠቀው ገጽ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ሁለቱ ወገኖች ስንት ሜትር ተንሸራተቱ፣ ዐለቱስ ምን ያህል ጠንካራ ነው። አቅጣጫ በስሌቱ ውስጥ የለም። አንዱ ወደ ጎን ሄዶ 8.0 ይሆናል፣ ሌላው ወደ ላይ ተገፍቶ 8.0 ይሆናል፤ በቁጥሩ ሁለቱ እኩያ ናቸው። ለውኃው ግን አይደሉም።

ውኃ የሞላበት ሰፊ ሳፋ ያስቡ፤ ከታች ጠፍጣፋ ትሪ ተቀምጦበታል። ትሪውን ወደ ጎን ቢስቡት ውኃው እምብዛም አይነቃነቅም። በሁለት ጣት ብድግ ቢያደርጉት ግን ውኃው ከላይ ያብጥና ወደ ዳር ይሄዳል። ያወጡት ጉልበት በሁለቱም ጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል።

በእውነተኛው ባሕር ላይ ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው የፍጥነት ልዩነት ነው። መሰንጠቁ በዐለቱ ውስጥ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄዳል። በ4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ የሱናሚ ሞገድ ደግሞ በሰከንድ 200 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለእኛ ይህ የአውሮፕላን ፍጥነት ነው፤ ከስንጥቁ ጋር ካስተያዩት ግን ኤሊ ነው። ስለዚህ ወለሉ ከፍ ዝቅ ብሎ ሲያበቃ ውኃው ገና የሚሸሽበት ጊዜ አላገኘም፤ የባሕሩ ገጽ የወለሉን አዲስ ቅርጽ ለብሶ ለአፍታ ይቆማል። ከዚያ የመሬት ስበት ያንን ጉብታ ይጎትተውና ለሁለት ተከፍሎ በተቃራኒ አቅጣጫ ጉዞ ይጀምራል። 100 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 30 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ወለል 1 ሜትር ብቻ ቢነሣ 3 ቢሊዮን ቶን ያህል ውኃ ከፍ አለ ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥልቅ ውኃ ጥቃቅኑን ይውጣል። ስፋቱ ከውኃው ጥልቀት ያነሰ ጉብታ ላይኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ ይደበዝዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስንጥቁ ማዘንበል ነው። ታላላቅ ሱናሚዎች የሚወለዱባቸው የፕሌት (የምድርን ቅርፊት የሚሠሩት ግዙፍ የዐለት ገበታዎች) መጋጠሚያዎች በተለይ ከላይኛው ጫፋቸው ቁልቁለታቸው ለዘብ ያለ ነው። ማዕዘኑ 10 ዲግሪ በሆነ ስንጥቅ ላይ 10 ሜትር መንሸራተት ወለሉን ወደ ላይ የሚያነሣው 1.7 ሜትር ያህል ነው። ያው 10 ሜትር 30 ዲግሪ ባዘነበለ ስንጥቅ ላይ ቢሆን 5 ሜትር ያነሣል። ለዚህ ነው ከዋናው መጋጠሚያ ተገንጥለው ቀጥ ብለው ወደ ባሕሩ ወለል የሚወጡት ቅርንጫፍ ስንጥቆች የሚያስፈሩን። እ.ኤ.አ. በ1964 አላስካን በመታው 9.2 ርዕደ መሬት ጊዜ ሞንታጉ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ተከፍቶ መሬቱን ከ10 ሜትር በላይ ወደ ላይ ገፍቶታል። ከዋናው ስንጥቅ ብቻ ቢጠበቅ ይህን ያህል አይገኝም።

አሁን ወደ 2012ቱ 8.6 እንምጣ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2012 ከሱማትራ በስተምዕራብ የሆነው በመሣሪያ ከተመዘገቡ የጎንዮሽ ርዕደ መሬቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ቢያንስ አራት ስንጥቆች፣ አንዳንዶቹ እርስ በርስ መስቀል ሠርተው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተከታትለው ተፈቱ፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ 8.2 ተከተለ። እንደ ውስብስብነት ከሆነ ከዚህ የባሰ ማግኘት ይቸግራል። ሆኖም ስንጥቆቹ ቁልቁል ቀጥ ወደ ማለት የተጠጉ፣ እንቅስቃሴያቸውም ጎንዮሽ ስለነበር በሱማትራ ዳርቻ የታየው ማዕበል 1 ሜትር ገደማ ነበር። ይህን የምጠቅሰው «ውስብስብ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም እንዳልሆነ እንዲያዩልኝ ነው። አደጋ የሚሆነው ከስንጥቆቹ አንዱ ወለሉን ሲያነሣ ወይም ሲያወርድ፣ ሌሎቹም ያንን ሲሸፍኑብን ነው።

«ሲሸፍኑብን» ያልኩትን ከሳሞአ የተሻለ የሚያሳይ የለም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2009 ማለዳ ከቶንጋ ትሬንች ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ 8.1 የሆነ ርዕደ መሬት ተከሰተ። ትሬንች የምንለው አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር የሚገባበት ረጅምና ጥልቅ የባሕር ውስጥ ቦይ ነው። እዚያ የፓሲፊክ ፕሌት ወደ ምዕራብ እየሄደ ከቶንጋ ሥር ይገባል። በሰሜኑ ጫፍ ሁለቱ በዓመት 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀራረባሉ፤ በምድር ላይ እንደዚህ የሚፈጥን አይታወቅም። ፕሌቱ ለመግባት ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይለጠጣል፤ የደረቀ እንጀራ ሲያጥፉት ከውጭ በኩል እንደሚሰነጣጠቀው ማለት ነው። የመጀመሪያው የመሣሪያ ትንታኔም ይህንኑ አለ፦ ከትሬንቹ ውጭ፣ በጎበጠው ፕሌት ላይ፣ በመለጠጥ የተከፈተ ስንጥቅ። የዚህ ዓይነቱ ወለሉን ወደ ታች ይጥላል።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ግን ማስረጃዎቹ አልተስማሙም። ኒዋቶፑታፑ በምትባለው የቶንጋ ደሴት ላይ የነበረ የጂፒኤስ መለኪያ ደሴቲቱ 35 ሴንቲ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ትሬንቹ እንደሄደች አሳየ። የተለጠጠው ስንጥቅ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ደሴትን እንዲያ ወደ ትሬንቹ የሚያፈናጥራት ዋናው የፕሌቶች መጋጠሚያ ሲፈታ ነው፤ እርሱ ደግሞ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል። በጥልቁ ባሕር ወለል ላይ የተቀመጡት የግፊት መለኪያዎች ያሳለፉት ሞገድም ከአንድ ምንጭ የመጣ አይመስልም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ኔቸር በሚባለው መጽሔት አንድ እትም ላይ መልሳቸውን ጎን ለጎን አወጡ። ሁለቱም «አንድ አልነበረም፣ ሁለት ነበሩ» አሉ፤ አንዱ በመለጠጥ፣ ሌላው በመገፋት፣ ሁለቱም 8 ገደማ። በቅደም ተከተሉ ግን ተለያዩ። በዐለቱ ውስጥ ያለፉትን የነውጥ ሞገዶች ያነበበው ቡድን ቀዳሚው የተለጠጠው ነው፣ የመጋጠሚያው መፈታት ከ50 እስከ 100 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ተከተለ፣ በመጀመሪያው ጩኸት ሥር ስለተደበቀም ሳይታይ ቀረ አለ። ጂፒኤሱንና የባሕሩን መለኪያ የያዘው ደግሞ መጋጠሚያው ቀስ ብሎ ቀደመ፣ ትልቁን ስንጥቅም እርሱ ቀሰቀሰው አለ። እኔ ራሴ ለዓመታት ወደ ፊተኛው አዘነበልኩ፤ አሁን ይህን ያህል አልደፍርም። ለሱናሚው ዋናው ነገር ግን ሁለቱን የሚያስማማው ነው፦ አንዱ ቦታ ወለሉ ሲወርድ፣ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ሌላው ቦታ ከፍ አለ። ከሁለት ምንጭ የተነሣ ሞገድ በአንዱ ደሴት በኩል ሲደጋገፍ በሌላው በኩል ይጣፋል። በሳሞአ፣ በአሜሪካ ሳሞአና በቶንጋ ከ180 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአንድ ስንጥቅ ብቻ የተሠራ ስሌት የትኛው መንደር የትኛውን ማዕበል እንደሚያይ ሊነግር አይችልም ነበር።

ከመነሻው የተዝረከረከ ርዕደ መሬት ማየት ከፈለጉ ደግሞ ኒውዚላንድ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2016 እኩለ ሌሊት ላይ ካይኩራን የመታው 7.8 የጀመረው የብስ ላይ ነው። በሁለት ደቂቃ ገደማ ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ እየዘለለ ከ20 የሚበልጡትን አስነሣ፤ ጎንዮሽ አለ፣ ወለሉን ወደ ላይ የሚያነሣ ገፊ አለ፣ ሁለቱን የቀላቀለም አለ። ብዙዎቹ «ለየብቻቸው ይነሣሉ» ተብለው በካርታ የተመዘገቡ ነበሩ። ፓፓቴያ የተባለው ስንጥቅ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አነሣ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የባሕር ዳርቻ ከፍ አለና የባሕር ሣሩና ከድንጋዩ የተጣበቀው ፓዋ የሚባል ቀንድ አውጣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ተገኘ። መነሻው የብስ ላይ የሆነ ርዕደ መሬት ጉስ ቤይ ላይ ወደ 7 ሜትር ከፍታ የወጣ ሱናሚ አመጣ። ባሕሩ ከሙላቱ ወርዶ ባይሆንና ዳርቻው ራሱ ከፍ ባይል ጉዳቱ የዚህን ያህል ቀላል አይሆንም ነበር።

ፓሉ እንግዲህ በእነዚህ መካከል ነው የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 በሱላዌሲ ደሴት የሆነው 7.5 በአብዛኛው ጎንዮሽ ነበር፤ በሰከንድ 4.1 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሮጠ የራሱን የነውጥ ሞገድ እየቀደመ ነው የሄደው። ከ4,000 በላይ ሰው ሞተ። ሁሉም በሱናሚው አይደለም፤ ባላሮአና ፔቶቦ የተባሉ ሰፈሮች አፈሩ እንደ ገንፎ ለስልሶ ከነቤታቸው ፈሰሱ። ሱናሚው የተወለደው ግን ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው። አንደኛ፣ ስንጥቁ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ በጠባቡ የፓሉ ባሕረ ሰላጤ ሥር ይታጠፋል፣ ያዘነብላል። ጎንዮሽ ስንጥቅ ሲታጠፍ ሁለቱ ወገኖች ወይ ይራራቃሉ ወይ ይገፋፋሉ፤ ሲራራቁ ወለሉ ይሰምጣል፣ ሲገፋፉ ያብጣል። አንድ የኮምፒውተር ስሌት ከባሕረ ሰላጤው ሥር ወደ 1.5 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ለውጥ አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ግራና ቀኙ ገደላማ ነው። ቁልቁለት ያለው ግድግዳ ወደ ጎን ሲሄድ ውኃውን ከፊቱ ይገፋል፤ በሳፋው ምሳሌ ትሪውን ሳይሆን የሳፋውን ግድግዳ ራሱን መግፋት ነው። ሦስተኛ፣ የዳርቻው ደለል በብዙ ቦታ ተደርምሶ ወደ ውኃው ገባ።

ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል በሚለው ላይ የጦፈ ክርክር አለ። የማዕበሉ ቁመት ከአንዱ የባሕር ዳር ወደ አጎራባቹ እንዲያ መለዋወጡ ለእኔ የመደርመስን እጅ ያሳየኛል፤ ስንጥቅ ብቻውን የሚሠራው ማዕበል ሰፋ ያለና ወጥ ነው። ግን ስንጥቁን ነጻ ማውጣትም አይቻልም። ለፓሉ ነዋሪ ክርክሩ ትርጉም አልነበረውም፤ ማዕበሉ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

በጥያቄዎ ባይጠቅሱትም ኤላት የሚኖሩ ወገኖች ይህን ካነበቡ፣ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ከፓሉ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፦ ጠባብ፣ ጥልቅ፣ ዳርቻው ገደላማ፣ በመካከሉም ጎንዮሽ ስንጥቅ የሚያልፍበት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1995 ከ7 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ተከስቶበት አነስተኛ ሱናሚ ታይቷል።

ቁጥሩ የሚያታልልበት ሌላው መንገድ ዝግታ ነው። አንዳንድ ስንጥቅ ከትሬንቹ አጠገብ፣ ጥልቀት በሌለውና ዐለቱ ለስላሳ በሆነበት ቦታ ቀስ ብሎ ይፈታል። ሰው የሚሰማው መወዛወዝ ደካማ ይሆናል፤ ዐለቱ ለስላሳ ስለሆነ ግን ለዚያው ቁጥር የሚንሸራተተው ርቀት ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1896 የጃፓኑ ሳንሪኩ ዳርቻ እንዲህ ባለ ለስላሳ መወዛወዝ ተዘናግቶ 22,000 ያህል ሰው አጣ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2021 በሳውዝ ሳንድዊች ደሴቶች የሆነው ደግሞ የሳሞአና የሳንሪኩ ድብልቅ ነበር። መጀመሪያ 7.5፣ ጥልቀቱም 47 ኪሎ ሜትር ተባለ፤ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ 8.1 መጣ። እንዲያ ከጥልቅ የተነሣ ነገር ወለሉን ብዙ ሊያነሣ አይገባውም፤ ማዕበሉ ግን በአትላንቲክ፣ በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖሶች ተመዘገበ። ኋላ ሲፈተሽ አምስት ርዕደ መሬቶች ተያይዘው ተገኙ፤ ሦስተኛው 200 ሰከንድ ያህል የወሰደ፣ ወደ ላይ የቀረበና ዝግ ያለ ነበር። ከጠቅላላው ጉልበት ብዙውን የያዘው እርሱ ነው፤ በሌሎቹ ፈጣን ጩኸት መካከል ግን ድምፁ አልተሰማም።

ቁጥሩ ራሱም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን የመጀመሪያው ግምት 7.9 ነበር፤ ለሚያጊ ግዛት 6 ሜትር፣ ለኢዋቴ 3 ሜትር ማዕበል ተተነበየ። ርዕደ መሬቱ ግን 9.0 ነበር፤ ከትሬንቹ አጠገብ ወለሉ ወደ ጎን 50 ሜትር ያህል፣ ወደ ላይም 10 ሜትር ያህል ሄዷል። ትንበያው በኋላ ቢስተካከልም ለብዙዎች ዘግይቶ ነበር።

እንግዲህ ወደ ስልክዎ እንመለስ። የዚያን ቀን ርዕደ መሬቱ የደረሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ44 ላይ (በእናንተው አቆጣጠር 10:44) ነው። ማስጠንቀቂያው በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ። በዚያን ሰዓት የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከሉ በእጁ ያለው ሁለት ነገር ነው፦ ቦታውና ግምታዊው መጠን። ስንጥቁ በየት በኩል እንደተንሸራተተ የሚናገረው ትንታኔ ዘግየት ይላል፤ ባሕሩ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ሞገዱ ወደ መለኪያዎቹ እስኪደርስ ይጠብቃል። ቦታው የሜንዶሲኖ ስንጥቅ ነበር፤ የፓሲፊክና የጎርዳ ፕሌቶች ጎን ለጎን የሚተላለፉበት። እንቅስቃሴውም እንደተለመደው ጎንዮሽ፣ ወለሉም ጠለቅ ያለ የባሕር ወለል ነበር፤ መታጠፊያ ያለው ጠባብ ባሕረ ሰላጤ አልነበረም። ስለዚህ ትሪው ወደ ጎን ተሳበ፣ ውኃው ዝም አለ፤ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ማስጠንቀቂያው ተነሣ።

«ታዲያ ቦታውን ካወቁ ለምን ጮኹ?» ማለትዎ አይቀርም። እዚያው አጠገብ አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር የሚገባበት የካስኬዲያ መጋጠሚያ ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1700 ተነሥቶ ማዕበሉን እስከ ጃፓን የላከው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1992 ደግሞ በዚያው በሜንዶሲኖ ርእሰ ባሕር (ወደ ባሕር በገባው የየብስ ጫፍ) 7.2 የሆነ ርዕደ መሬት ተከስቶ ነበር፤ ከእርስዎው 7.0 በቁጥር ብዙም የማይርቅ። ያኛው ግን ገፊ ነበር። ዳርቻውን እስከ 1.4 ሜትር አነሣው፣ ከዓለቱ የተጣበቁት የባሕር እንስሳት አየር ላይ ቀርተው ሞቱ፣ ክሬሰንት ሲቲ ላይም ትንሽ ሱናሚ ተመዘገበ። የዲሴምበሩ ዕለት ተረኛ ባለሙያ በአምስተኛው ደቂቃ ከሁለቱ የትኛው እንደመጣ አያውቅም ነበር።